የስልኩ ማኅተም

ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኮምፒውተር የሚማረው የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ለፈተናው ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። «ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር የገባ፣ ምንም ባይወስድ፣ ምንም ባያበላሽ እንኳ ይቀጣል።» ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን በስሱ ይነካካል። እኔ ግን በሐሳብ ጅማ አቅራቢያ ካለችው ትንሽ ከተማ፣ አሰንዳቦ ደርሻለሁ፤ ዘመኑ የደርግ ነው።

እዚያ ራዲዮ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ለመድኩት። የከተማዋ ስልክ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ በእርሳስ ማኅተም ታሽጎ ይቀመጥ ነበር። ከመንግሥት ባለሙያ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ሕግ ነው። ወሩ የቡና ለቀማ ነበር፤ መንገድ ዳር የተሰጣው ቀይ ቡና ብርዝ ብርዝ ይሸታል። ስልኩ ዝም ካለ ሰንብቷል። የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ደግሞ ጅማ ሆስፒታል ተኝቷል።

«ኢልሞ ኮ፣ ልጄ፣ መኖር አለመኖሩን እንኳ ልስማ» አሉኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ሄዷል። እሳቸው ደጅ ቆመው የሊቀመንበሩን ስም እየጠሩ፣ እኔ ማኅተሙን ቆረጥኩ። አንዲት ሽቦ ዝጋለች፤ ፋቅኋት። ጅማ ደወልን፤ ልጃቸው መዳኑን ሰሙና እንባቸው እጀታው ላይ ወረደ።

እኔ የተሰበረ ነገር ሳይ ያሳክከኛል። እርሳሱን አቅልጬ፣ ምልክቱን በሚስማር ቀርጬ፣ ማኅተሙን እንደነበረ መለስኩት። ጉድ ያፈላብኝ ይሄው ነው። ባለሙያው መጥቶ ሲያየው የሐሰት መሆኑን ለየ።

«አሻጥር ነው፤ ወደ ጅማ ይላክ» አለ ሊቀመንበሩ። በዚያ ስም የሄደ ሰው መመለሱ እንጃ ነበር።

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ አባ መጫ ንብ አርቢ ናቸው።

«በጫካችን የሰው ቀፎ መክፈት፣ ማሩ ባይነካም ነውር ነው» አሉ። «ንቡ ሊያልቅ ሲል ብቻ፣ አንዱ ከዛፉ ሥር ቆሞ የባለቤቱን ስም እየጠራ ይከፈታል። ከፍቶ አሳምሮ የሚዘጋ ግን ሊመለስ ያሰበ ሌባ ነው። አንተ ልጅ፣ ለምን አሳመርከው?»

«አስቀያሚ ሆኖብኝ ነው፣ አባ።»

ሰዉ ሳቀ። እትዬ ዘይነባ ብድግ አሉ።

«ከሥር የቆምኩት እኔ ነኝ! ወላሂ፣ ስሙን ስጠራ ጉሮሮዬ ተዘጋ!»

«ደዶ ከተማ ድረስ ተሰምቷል!» አለ አንዱ ከኋላ።

አባ መጫ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «እንግዲያው ተጠርተሃል» አሉት። ዳግመኛ ስልክ እንዳልነካ ምዬ ተለቀቅኩ።

ይህን ስተርክለት የእህቴ ልጅ መጽሐፉን አጠፈ። «አሁን ቢሆንስ ይከፍቱት ነበር?»

ሕጉ ልክ እንደሆነ ይገባኛል፤ የሰው በር የሰው ነው። ግን እናት እንደዚያ ደጅ ከቆመች...

«እከፍተዋለሁ» አልኩት። «ማኅተሙን ግን ከወደቀበት አላነሳውም።»