ያልጣልኩት አጥንት

የሰው ቆሻሻ ስለቅም ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዘመዶቼ ይህን መናገር ስለሚያፍሩ «ቅርስ ላይ ትሠራ ነበር» ይላሉ። እሱም ውሸት አይደለም።

በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ በአንድ የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነበር። ባለቤቶቹ የት እንደገቡ አልጠየቅንም፤ ያኔ አይጠየቅም። ጋራዣቸው የእኔ ክፍል ሆነ። የኛ ሰዎች በምሥራቅ ባለች አንዲት ባለ ግንብ ከተማ፣ የመካከለኛው ዘመን ነዋሪዎች ቆሻሻ ይጥሉባቸው የነበሩ ጉድጓዶችን ቆፍረው ነበር። ከዚያ የወጣው ሁሉ በጆንያ ተጭኖ ወደ እኔ መጣ፤ ገል፣ ከሰል፣ የተሰበረ የብርጭቆ አምባር፣ ከሁሉም የበዛው ደግሞ አጥንት። አጥባለሁ፣ እለያለሁ፣ ከየትኛው ጉድጓድና ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ በእርሳስ ጽፌ ወረቀቱን ጆንያው ውስጥ እከታለሁ። ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል።

ጉድጓዶቹን ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ውጭ ተምሮ የመጣው አለቃችን «ለሁለተኛው ዙር ቁፋሮ መዝጋቢ ሆነሽ ትሄጃለሽ» ብሎ ቃል ገባልኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልተመኘሁም።

ለአብዮት በዓል አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሊጎበኘን ነው ተባለና የጽዳት ዘመቻ ታወጀ። የዘመቻው አዛዥ የውይይት ክበባችን ሰብሳቢ ነበረች፤ የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት፣ ለዓመታት ምሳ አብሬያት የበላሁ ሴት። አንድ ጠዋት ስገባ የአጥንት ጆንያዎቼ በቆሻሻ መኪና ላይ ሲጫኑ ደረስኩ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ጽዳት ነዋ!» አለችኝ።

«ይሄ እኮ ቆሻሻ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰብኩ። «ቆሻሻ ነው... ግን የድሮ ነው።»

«አይ አንቺ! አብዮቱ የራሱን ጠርጎ ሳይጨርስ የፊውዳሉን ቆሻሻ ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?»

ጫኞቹ ሳቁ። ወደ አለቃችን ሮጥኩ። በመስኮት ቆሞ ሲያይ ነበር። «እንግዳው የበግ አጥንት ሊያይ አይመጣም፤ ገሉ እስካለ ምን ቸገረሽ?» አለኝ። መኪናው ሄደ።

በጉብኝቱ ቀን የሚያማምሩት ገሎች በቀይ ጨርቅ ላይ እንደ ተማሪ ሰልፍ በቁመታቸው ተደርድረው ነበር። ባለሥልጣኑ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲዞር ቆየና ቆመ።

«እነዚህ ሰዎች ምን ይበሉ ነበር?»

በሕይወቴ ከባለሥልጣን አፍ የሰማሁት ብቸኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። አለቃችን ወደ ገሎቹ ጠቆመ።

«አጥንቱስ የታለ? እኔ ልኳንዳ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አጥንት ሁሉን ይናገራል።»

«የመዝገብ ክፍላችን ጉድለት ነው ጓድ፤ እናርማለን» አለ አለቃችን። የመዝገብ ክፍሉ እኔ ነኝ።

ሰኞ ከውይይት ክበቡ ስብሰባ በፊት አለቃችን ጠራኝ። «ግለ ሂስ አድርጊና ይለፍ። አንቺን ማን ምን ያደርግሻል? እኔ ከሆንኩ ግን...» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በዚያ ዘመን ጣዩ እሱ ቢሆን ጥፋቱ «የፀረ አብዮት አሻጥር» ይባል ነበር።

«ቁፋሮውስ?» አልኩት።

«ቁፋሮውማ ያንቺው ነው!»

ስብሰባው ላይ ተነስቼ በንቃተ ኅሊና ጉድለት አጥንቶቹን እኔ እንደጣልኳቸው ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ «ጥልቀት ይጎድለዋል» ስላለች ደግሜ ተናገርኩ። በአራት ኮፒ ታይፕ አድርጋ አስፈረመችኝ፤ ፈረምኩ።

የተጓዦቹ ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ የለም። በመዝጋቢነት የምትሄደው ታይፒስቷ ናት።

«እንዴት ብዬ ልላክሽ?» አለኝ አለቃችን፣ በእውነት ያዘነ መስሎ። «ቅርስ መጣልሽ በፊርማሽ ፋይልሽ ውስጥ አለ። ምን ይሉኛል?»

ሄዱ። ታይፒስቷ ስትመለስ ጉድጓድ ውስጥ ባርኔጣ አድርጋ የተነሳችውን ፎቶ ይዛልኝ መጣች። «ያምራል» አልኳት። ጉድጓዱን ማለቴ ነበር።

በዓመቱ አለቃችን ሪፖርት ሊያሳትም ሆነና ጋራዤ ድረስ መጣ፤ መጥቶም አያውቅ። በርጩማ ስቤ ሰጠሁት።

«ስሚኝማ፣ በሁለተኛው ዙር አጥንት የመዘገበ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ አጥንቶች ከመሄዳቸው በፊት እየቆጠርሽ የምትጽፊበት ደብተር ነበረሽ አይደል? የምን እንስሳ፣ ከየትኛው ጉድጓድ...»

«ነበረኝ።»

«እግዜር ይስጥሽ! የት አለ?»

ቤቴ ሣጥን ውስጥ ነበር። የፍየሉ፣ የግመሉ፣ ቢላዋ ያረፈበትና እሳት የነካው ሁሉ እየተለየ ተጽፎበታል።

«ጣልኩት» አልኩት።

«የት ነው የጣልሽው?»

«ከአጥንቱ ጋር ነዋ። ግለ ሂሴን አላነበቡትም እንዴ? አራት ኮፒ ነው።»

ትኩር ብሎ አየኝ። መዋሸቴን አውቋል፤ ማወቁንም አውቄያለሁ። ግን ዋሸሽ ሊለኝ ከፈለገ መጀመሪያ ያ ግለ ሂስ ውሸት ነበር ማለት አለበት። በርጩማውን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ።

ሪፖርቱ ታተመ። ስለ ምግባቸው አንድ መስመር ብቻ አለው፤ መረጃ አልተገኘም ይላል። አንባቢው ምን በደለ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። እኔስ ምን በድዬ ነበር?