የእናቴ እሺታ

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴ ጆሮዋ ሲደክም ያደረግሁት ነገር ቢኖር መጮህ ነው። ከምሠራበት ከፍኖተ ሰላም እሷ ወዳለችበት ወደ ማንኩሳ በሄድኩ ቁጥር ገና ከአጥሩ በር ጀምሬ እጮሃለሁ። እሷም "እሺ ልጄ፣ ሰማሁ" ትለኛለች። የሰማች መስሎኝ እመለሳለሁ።

ነገሩ የከፋው አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። የንስሐ አባቷ እንደ ወትሯቸው መጥተው ከግቢያችን ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ቄሱ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አንገታቸውን ደፍተው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አድርገው ነው። ተናዝዛ ስትጨርስ ቀኖናዋን ነገሯት። "እህ?" አለች። ደገሙላት። "እህ?" በሦስተኛው ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ፣ ከአጥሩ ማዶ በርበሬ ይቀነጥሱ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ጸጥ አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈር የሰማውን ቀኖና እሷ ሳትሰማው ቀረች። "እሺ አባ" ብላ መስቀል ተሳልማ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ቄሱ ሲመጡ አሞኛል እያለች ትተኛ ጀመር። መቁረቡንም ተወችው።

"የተሰጠኝን ሳልፈጽም በምን ፊቴ እቀርባለሁ? ምን እንደሆነ እንኳ አላውቀው" አለችኝ። "እንዲህ እንዳለሁ እንዳልሞት ነው የምፈራ።"

መካከል ገብቼ እንዳላስተላልፍላት፣ የእናት ኑዛዜ በልጅ ጆሮ አያልፍም።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። "ድምፅማ ትሰማለች" አለኝ። "ቃሉ ነው የማይለይላት። እርጅና ነው። ጩኸት ይብሱን ያደበላልቅባታል። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ አፋችሁን እያየች፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት።" ለጆሮዋ የሚደረገውን መሣሪያ ፍለጋ ባሕር ዳር መሄድ ነበረብን፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ብለን አቆየነው፤ እስካሁንም እንዳቆየነው ነው። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ። ስንት ዓመት ጮህኩባት!

ቄሱን አግኝቼ አስረዳኋቸው። "ኧረ እኔን! ለጨዋነት ብዬ እኮ ነው አፌን የምሸፍነው" አሉና በማግስቱ መጡ። ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ፤ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። እኔ ድምፅ ከማይደርስበት ከባሕር ዛፎቹ ጥግ ሄጄ ቆምኩ። እናቴ አፍ አፋቸውን እያየች ራሷን ስትነቀንቅ፣ ቆይታም ስታለቅስ አየሁ።

ቄሱ ሲሄዱ ጠራችኝ።

"ቀኖናዬን አልነግርሽም" አለች። "ከኃጢአቴ ግን አንዱ አንቺን ይመለከታል። አንቺ ስትጮሂ፣ ሳልሰማ ሰማሁ እያልኩ ስዋሽሽ ኖርኩ። እንዳትቆጪኝ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።"

እንባዬን እንዳታይ ዞር አልኩ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ "አንቺ ይቅር በይኝ እንጂ" አልኳት።

"እሺ ልጄ፣ ሰማሁ" አለችኝ።