አባቴ የደፈናት መርከብ

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ነው። ስለ ሥራዬ በሰው ፊት አፌን ሞልቼ መናገር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሆነ፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

እንጀራዬ መጋረጃ ስፌት ነው። ሱቄ ጎሮ፣ ቤቴ ደግሞ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም። ከስፌቱ ጎን ለጎን ግን የጦር መርከብ እሠራለሁ። አትሳቁ። ቁመቷ ሕፃን ልጅ የሚያክል፣ በሪሞት የምትነዳ መርከብ ናት። መድፎቿ በታመቀ ጋዝ ከኩሽኔታ የወጡ ትናንሽ የብረት ብዮች ይተኩሳሉ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየሠራሁ ነው የለመድኩት። ጎረቤቴ አልማዝ «ሰው እግሩን የሚታጠብበት ውሃ አጥቶ አንቺ መርከብ ትሠሪያለሽ!» እያለች ታሾፍብኛለች። ትበል እንጂ፣ ውሃ በመጣ ቀን መሞከሪያ እንዲሆነኝ የልጆቿን መታጠቢያ ሳፋ የምታውሰኝ እሷው ናት።

እዚሁ ቦሌ ውስጥ እንደኔ መርከብ ሠርተው የሚያዋጉ ሰዎች እንዳሉ ያወቅኩት በቴሌግራም ነው። ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ወንዶች። ግንባታው የቆመ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለ፤ ባለቤቱ ፈቅዶላቸው፣ ክረምት ያጠራቀመው የዝናብ ውሃ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ። የመርከቤን ፎቶ ስልክላቸው ዶክተር ብሩክ የሚባል የጥርስ ሐኪም «ቆንጆ ናት፣ ማን ሠራልሽ?» ብሎ ጻፈልኝ። «ሁለት እጄ» ብዬ መለስኩለት። የሳቅ ምልክት ላከ። ሳቁ ገብቶኛል፤ ቅዳሜ በዓይኑ ያያል ብዬ ተውኩት።

የዚህ ጨዋታ ዋናው ሕግ የመርከቧ ጎን መበሳት አለበት የሚል ነው። አጥንቷ የፈለገውን ያህል ይጠንክር፣ ቆዳዋ ግን ስስ እንጨት ይሆናል። ስትመታ ውሃ ታስገባለች፣ ውስጧ ያለው ፓምፕ ውሃውን ይተፋል፣ ፓምፑ ካልቻለ ትሰጥማለች። ገንዳው ከጉልበት ብዙ ስለማያልፍ ገብቶ ማውጣትና ጠግኖ መመለስ ነው። ጎኗ የሚበሳ መሆኑን ለማየት ከውጊያው በፊት ፍተሻ አለ። መርከቧ በጎኗ ትተኛለች፣ ሹል ብረት ከስንዝር ከፍታ ይጣልባታል። ካልበሳት አትወዳደርም።

አባቴ፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ዕድሜ ልኩን የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የሚያፈስ ነገር አይቶ እንቅልፍ አይወስደውም። ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ይልና የመርከቧን ጎን በጣቱ ነካ እያደረገ «ይሄ እኮ ወረቀት ነው ልጄ» ይለኛል። ሕጉን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የሰማኝ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ማታ መርከቧን ጨርሼ ክዳኗን በብሎን አሰርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ «እኔም አያለሁ» ብሎ ተነሣ። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ስላቀፍናት፣ የጠራነው መኪና ሹፌር ሕመምተኛ የያዝን መስሎት ጉድጓዱን ሁሉ በቀስታ እያለፈ ነው ያደረሰን። ከመኪናው ሳወርዳት «ዛሬ ከብዳለች» አልኩ። አባቴ «ጦር ሜዳ ስለምትሄድ ነው» አለኝ። የሙጫ ሽታም ሸትቶኛል፤ ግን ያ ሽታ ከአባቴ ልብስ ተለይቶ ስለማያውቅ ልብ አላልኩትም።

ፍተሻውን የሚያደርገው ዮናስ ነው፤ ቡድኑን ያቋቋመው መሐንዲስ። ብረቱን ጣለው። ነጠረ። እንደገና ጣለው። ነጠረ። ክዳኗን ስንፈታ የውስጧ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አባቴ ታንከር በሚጠግንበት ፋይበር ተለብጧል። ማን እንደሠራው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠርዙን እንዲያ አድርጎ የሚያስተካክል ሌላ ሰው አላውቅም።

«እኔ ነኝ» ብል ገና በመጀመሪያ ቀኔ አጭበርባሪ ልባል ነው። «አባቴ ነው» ብል ደግሞ «ማን ሠራልሽ?» ያለው ሰው መልሱን በነፃ አገኘ ማለት ነው።

እኔ ሳልወስን አባቴ ከኋላ ቀደመኝ። «ያጠናከርኩላት እኔ ነኝ» አለ፣ በኩራት። «ትናንት እሷ ሥራ ስትሄድ። አሁን ድንጋይም አይበሳት።»

ሳቁ። ዶክተር ብሩክም ሳቀና «እንግዲያው አባት፣ ተወዳዳሪው እርስዎ ነዎት ማለት ነው» አለው። አባቴ አብሯቸው ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ጠጋ አለኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ያ ድምፅ ከሳቃቸው ሁሉ በላይ ተሰማኝ። እሱ እንዲሸማቀቅ ፈጽሞ አልፈለግኩም።

«ምንም አላጠፋህም አባዬ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞርኩ። «አባቴ የሚያፈስ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። መርከቧን የሠራኋት ግን እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ዙር ይለፈኝ፣ ለሁለተኛው እዚሁ አድሼያት እደርሳለሁ።»

ዮናስ ሰዓቱን አየና «እሺ፣ ከደረሽ» አለ።

መጋረጃ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ሳይዝ ሰው ቤት አይሄድም። እኔም ትርፍ እንጨት፣ ስለታም ቢላና ሙጫ ይዤ ነበር። ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ የለበጠው በዋዛ የሚላቀቅ አይደለም፤ ስለዚህ በአጥንቶቿ መካከል ያለውን ቆዳ ከነልባጩ እየቆረጥኩ አወጣሁት። አባቴን «አፍንጫዋን ያዝልኝ» አልኩት። በሁለት እጁ ያዘልኝ።

በገንዳው ውጊያው ተጀምሯል፣ ግን መርከባቸው የሰጠመችባቸው ሁሉ እየመጡ በላዬ ላይ ቆሙ። ዶክተር ብሩክም መጣ። አዲሱን እንጨት በስንዝሬ ለክቼ ስቆርጥ አይቶ «ማስመሪያ የለሽም?» አለኝ።

«ዓይን አለኝ» አልኩት።

ቁራጩ ልክክ ብሎ ገባ። ሌላውም ገባ። ዶክተሩ ሳልለምነው ቁጢጥ ብሎ ሙጫው እስኪደርቅ ጫፉን ያዘልኝ። ለቀለም ጊዜ ስላልነበረ በሰፊ ፕላስተር ሸፈንኳት።

ዮናስ ብረቱን ጣለ። ብስት አደረጋት። የገዛ ሥራዬ ሲበሳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍኜ ውሃ ላይ አሳረፍኳት።

የዶክተሩ መርከብ ረጅም ናት፤ ለመዞር ግን ሰነፍ። የኔዋ አጭር ስለሆነች ከኋላዋ እየተሸጎጠች ከውሃው መስመር በታች ደበደበቻት። ፓምፗ ተፋ፣ ተፋ፣ ከዚያ አረፋ ብቻ ቀረ። የኔዋም ሳትበሳ አልቀረችም። ወደ ዳር ስመልሳት ዘመመችና እዚያው አጠገባችን ወረደች። አባቴ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ሰመጠች እኮ» አለኝ። «አዎ፣ በሕጉ ሰመጠች» አልኩት።

ዶክተር ብሩክ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ ሁለቱንም አወጣቸው። የኔን ሲሰጠኝ «ማን እንደሠራት አይቻለሁ» አለ።

ዛሬ ሳስበው አላፍርም፣ አልናደድምም። አባቴ ባይደፍናት ኖሮ ሠርቼ አምጥቼ አሳይቼ እመለስ ነበር፤ እነሱም በልባቸው እንደጠረጠሩኝ ይቀሩ ነበር። አሁን ማን ሠራልሽ የሚለኝ የለም። እንዴት ሠራሽው እያሉ ነው የሚደውሉልኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ወደ መርከቧ አልቀረበም። ለቀጣዩ ውጊያ ዋዜማ ከሱቅ ስመለስ ግን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ስስ እንጨት ጭኑ ላይ አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። አነሣውና ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ብርሃኑ በውስጡ አለፈ።

«ይሄ ይበሳል?» አለኝ።

«ይበሳል አባዬ» አልኩት።

ገለበጠውና ሌላውን ጎን ማሸት ቀጠለ።