መንገድ የማይሄድ ጥብስ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዘች ጊዜ ያማራት ጥብስ ነበር። ያውም የማንንም ጥብስ አይደለም፤ በአሶሳ ገበያ ዳር፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ በቀርከሃ ሹል እየሰካ ፍም ላይ የሚጠብሰውን የፍየል ሥጋ ነው። እኔ ራሴ ፍየል አርጄ ግቢ ውስጥ ጠብሼላት ነበር። አንዱን ቁራሽ ቀመሰችና መለሰችው። «ይኸ ተቃጠለ እንጂ ተጠበሰ አይባልም» አለችኝ።

እኔ ከጎጃም በቅሎ እየነዳሁ የወረድኩ እስላም ነጋዴ ነኝ። አሶሳ ስደርስ የበርታ ልጅ አግብቼ እዚያው ቀረሁ። አማቴም፣ የባለቤቴ እናት፣ ከኛው ጋር ነበሩ የሚኖሩት። ከእሳቸው ጋር ብዙ አንነጋገርም፤ የእሳቸው አማርኛ ጥቂት፣ የኔም በርትኛ ከዚያ ያነሰ ነበር። ያን ሰሞን ግን ቋንቋ አላስፈለጋቸውም። ያረገዘች ሴት ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላልና፣ የልጄ ግንባር ላይ ፍየል የታየ ይመስል ጠዋት ማታ በዓይናቸው ይወጉኝ ጀመር።

በገበያው ቀን በማለዳ ወጣሁ። ሽማግሌው ገና ፍሙን ሲያራግብ ደረስኩ።

«አባባ፣ ይዤው የምሄድ ጥብስ አዘጋጁልኝ» አልኳቸው።

«የት ትሄጂ?» አሉኝ። አማርኛውን ከነጋዴ አፍ የለቀሙት ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚሉት።

«ወደ ቤት።»

«ቤት የለም። ሥጋ እዚህ ይበላል። ሥጋ መንገድ አይሄድም።»

«ለኔ እኮ አይደለም፣ ለባለቤቴ ነው። ነፍሰ ጡር ናት።»

«እሺ፣ እሷ ይምጣ።»

«እንዴት ትምጣ? ወሯ ገብቷል!»

«ቀስ ብሎ ይምጣ» አሉ ሽማግሌው ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ሥጋ ሲበርድ ቆዳ ነው። ሰው ቆዳ ይበላል፣ ከዚያ የሽማግሌው ሥጋ መጥፎ ነው ይላል። እኔ አይሆንም።»

ቦታው ወንዶች ብቻ ከበው የሚበሉበት ነው። ሚስቴን እዚያ ማስቀመጥ አልታየኝም፤ ስለዚህ ለመንኳቸው። በአላህ አልኳቸው፤ በልጆቻቸው አልኳቸው። እሳቱን የከበቡት ሰዎች ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ይመክሩኝ ጀመር። አንዱ ወተት ስጣት አለ፤ ሌላው ያገሩ ሴት አይደለችም ወይ፣ ትመጣለች አለ። በመጨረሻ ሽማግሌው ሰለቻቸውና «ቁጭ በይ፣ ይሆናል» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ሥጋው ተሰካ፤ ጮማው ፍሙ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ልክ ሲደርስ አንድ ሰው «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውም የኔን ጥብስ አንስተው ሰጡት። ሌላ ተሰካ። እሱም ሲደርስ ሌላ ሰው መጣ፤ ያንንም ሰጡት። ፀሐይ ከራሳችን በላይ ስትሆን ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ! ያዘዝኩት እኔ ነኝ!»

«እሱ መንገደኛ ነው፤ ርቦታል።»

«እኔስ? እኔም እኮ መንገድ ልሄድ ነው፣ ወደ ቤቴ!»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ቢሆንም ጩኸቴ ሠራ፤ ሽማግሌው እያጉረመረሙ ጥብሱን በሰፊ ቅጠል ጠቅልለው በልጥ አሰሩልኝ። «ሩጪ» አሉኝ። ሮጥኩ።

ገና ከገበያው ሳልርቅ፣ ባምባሲ ማር ሲገዛ የማውቀው ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ ከፊት ለፊቴ መጣ። «አካም ጂርታ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝና አቀፈኝ። የበቅሎዎቼን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ አፍንጫው ወደ ቅጠሉ ዞረ። ያደግሁበት ወግ ነውና «እንብላ» አልኩት። እንዲህ ሲባል ጨዋ ሰው «ብሉ፣ ይባርክ» ብሎ ያልፋል። ይኼኛው «ቢስሚላሂ» አለና መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ልጡን ፈታሁለት። ምን አደርጋለሁ? እየዘረዘረ የለሰለሰውን መርጦ በላ። በመሀል ቀና ብሎ «የዚያ ሽማግሌ ጥብስ ነው አይደል? ዛሬ ምነው በረደ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። የተረፈውን ጠቅልዬ ሳልሰናበተው ሄድኩ።

ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ምጡ መጣባት ብዬ በሩን ደበደብኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና «ከእናቷ ጋር በወንዙ በኩል ወደ ገበያ ወረደች» አለችኝ። «ባሌ ራሱ በልቶት ተኝቷል እያለች ነበር።»

ቅጠሉን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ሽማግሌውን፣ ማር ነጋዴውን፣ አማቴን፣ ሁሉንም እየረገምኩ ወረድኩ። ስደርስ ባለቤቴ ዛፉን ተደግፋ ቁርበት ላይ ተቀምጣለች። ወንዶቹ ፈቀቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ሽማግሌው ከሹሉ እየመዘዙ አንድ በአንድ ያቀርቡላታል፤ ጮማው እስከ ክንዷ ወርዶ ያብለጨልጫል። ስንት ሳምንት ሙሉ እህል እየገፋች የነበረች ሴት እንደዚያ ስትበላ ማየት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ያለኝ ግን ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር።

«የት ነበርክ?» አለችኝ አፏ እንደሞላ።

«የት ነበርኩ? የት ነበርኩ ትያለሽ?» ቅጠሉን ዘረጋሁላት። በጣቷ ነካችው።

«በርዷል» አለችና ወደ ትኩሱ ተመለሰች።

ሽማግሌው አላዩኝም። ማለቴ አይተውኛል፤ ግን ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ፍማቸውን ያራግቡ ነበር።

ጠግባ ስትነሳ ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከፊታችን ቀስ እያለች፣ በአንድ ወር ውስጥ ባላየሁባት ደስታ እያንጎራጎረች ትሄዳለች። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ቅጠሉን ፈትቼ አንዱን ቁራሽ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጮማው ረግቶ እንደ ሰም ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ፤ ሥጋውም ጥርስ የሚፈትን ነበር። ቢሆንም በላሁት።

አማቴ ከጎኔ ሲሄዱ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ። ለካስ እሳቸውም ከወንዶቹ አጠገብ አፍረው ሳይበሉ ውለዋል። ግማሹን ሰጠኋቸው። አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ሁለታችንም እያላመጥን ከኋላዋ አዘገምን።