ወንዙ ዳር የሚጮኸው ሞተር

በደርግ ጊዜ ያረፉት አጎቴ፣ ከጀውሃ ገበያ ሲመሽ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለሱ በመንገዳቸው ካለው ወንዝ ዳር ሳይቆሙ አያልፉም ነበር። አሮጌ ሞተር ሳይክላቸውን ወደ ውሃው አዙረው፣ እግረኛው ሁሉ እስኪሻገር ያበሩለታል። ዲናሞው ደካማ ስለነበር ሞተሩ ሲረጋ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ነዳጅ እየሰጡ ያስጮኹታል።

ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ እኔ ደግሞ ብክነት አልወድም። ኤሌክትሪክን ራሴው እየፈታሁ እየገጠምኩ የተማርኩ ሰው ነኝና፣ ጠንካራ ዲናሞና ባትሪ ገጠምኩላቸው፤ አምፑሉንም በትልቅ ለወጥኩት።

«ከእንግዲህ ሞተሩን አጥፍተው ማብራት ይችላሉ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ። በዚያው ምሽት ግን እንደ ልማዳቸው አስጮኹት። ተቆጣሁ።

«ቤንዚኑን ለምን ያቃጥሉታል?»

«መብራቱንስ አበጀህልኝ፤ መንገዱን ከጋረደው ግራር ጀርባ የቀረውን ሰው ማን ይጥራልኝ?» ብለው ሳቁብኝ።

እስኪሞቱ ድረስ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ከተዝካራቸው በኋላ፣ በገበያ ቀን ሲመሽ ሞተር ሳይክሉን ይዤ ወንዙ ዳር ቆምኩ። ሞተሩን አጥፍቼ መብራቱን አበራሁ። ውሃው እስከ ድንጋዩ ድረስ ታየ፤ የሚሻገር ሰው ግን አልመጣም። ሰው በቆጠበው ነገር ሲመጻደቅ ያጎደለውን አያይም። ሞተሩን አስነስቼ አስጮህኩት። ያን ጊዜ ከግራሮቹ ጀርባ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ይጠብቁኝ! መጣሁ!»

መሞታቸውን አልሰማችም። ነዳጁን ሳልቀንስ ጠበቅኳት።