ጋሽ ታምራት፣ የጉዴሌው ኦርኬስትራ

ጠዋት ባልደረባችን ትራምፔት ነፊው ዴንግ ደውሎ "ጋሽ ታምራት አረፉ" ሲለኝ፣ "ተው እንጂ፣ ትናንት እኮ ስለ ቅዳሜው ልምምድ አውርተናል" አልኩት። ዘጋሁበትና የእሳቸው ስልክ ላይ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳችው። ስታለቅስ ስሰማ ነው ያመንኩት።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ እዚህ ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር፣ ሆቴል ያስተዳድሩ ነበር። ሥራቸው ሆቴል፣ ነፍሳቸው ሙዚቃ። ለናስ መሣሪያዎችና ለኦርኬስትራ አንድ ኮንቸርቶ፣ ረጅም የሙዚቃ ድርሰት፣ ጽፈው፣ ትራምፔትና ቱባ የምንነፋውን ከየቤተ ክርስቲያኑና ከየማርሽ ባንዱ ለቃቅመው ጉዴሌ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ሰበሰቡን። እኔ ትሮምቦን ነኝ። የቀረው ኦርኬስትራ ግን ጁባ ውስጥ ከየት ይምጣ?

እሳቸው ሆኑታ። ቫዮሊኑን በአፍንጫቸው፣ ቼሎውን በደረታቸው ያዜሙልናል፤ ከበሮው ሲደርስ የፕላስቲኩን ጠረጴዛ ይደበድቡታል። ሲያማቸው "ዛሬ ኦርኬስትራው ጉንፋን ይዞታል፣ ቀስ ብላችሁ ንፉ" ይላሉ። ደህና በሆኑ ቀን ቀስ ብሎ የነፋ ግን ወዮለት። "ትንፋሽህን ለማን ነው የምታስቀምጠው?" ነው መልሳቸው።

አንድ ቅዳሜ ለሥራ የመጣች ቫዮሊን ተጫዋች ጋበዙ። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ክፍል ውብ አድርጋ ተጫወተችው። የእኛ መግቢያ ደረሰ፣ ማንም አልገባም። ለካ ሁላችንም የምንጠብቀው ጋሼ እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉባትን "እህም" ኖሯል። አዲስ አበባ ያደገው ትራምፔታችን ዴንግ ትንሽ አፈረና "ማሌሽ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እህሙ ቀረ እኮ" አላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ኮንቸርቷቸውን ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር መስማት። አዲስ አበባ ይዘውን ሊሄዱ እዚያ ካለ ኦርኬስትራ ጋር ተነጋግረው ጨርሰው፣ ሱፍ ሁሉ አሰፍተው ነበር። ሳይሰሙት መሄዳቸው ያንገበግበኛል።

ጋሼ፣ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። የእኛን እንነፋለን፣ የእርስዎ ተራ ሲደርስ ዝም ብለን እንጠብቃለን። አዲስ አበባም እንሄዳለን። እዚያ ቫዮሊኖች አሉ፣ ጥሩ አድርገው እንደሚጫወቱትም አውቃለሁ።

እርስዎ ሙሉውን ሳይሰሙት ሄዱ። እኛ ግን በየቅዳሜው ሙሉውን ሰምተነዋል፣ ከእርስዎ።

እንወድዎታለን ጋሼ። አሁን ድምፅዎን ያሳርፉ።