ሳህሌ ላንድሮቨሩን ጸጥ ሲያሰኝ

ሳህሌ የሰው መኪና ሲያለብስ ነው ያረጀው። ቃሊቲ ውስጥ የመኪና ወንበር የሚሰፋ፣ ወለልና ጣራ የሚያለብስ ታፒሰሪ ሲፈለግ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነበር። የራሱ ላንድሮቨር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዶ ላሜራዋ እየተንኳኳ ኖረች። ወይ ጉድ! ከቱሉ ዲምቱ ስትነሳ ሳሪስ ላይ ትሰማለች እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ወንበሮቿን ነቃቅሎ ግቢው ውስጥ ደረደራቸው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ሚስቱ አቻምየለሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ሃያ አንድ ዓመት የሽመና ማሽኖች መሐል ቆማለች፤ ጆሮዋን የበላው የማሽኖቹ ጩኸት ነው። በአሥረኛው ዓመት «ጆሮዬ ይጮህብኛል፣ ሥራውን ልተወው» ብላው ነበር። ያኔ ቤት መሥራት ጀምረው ስለነበር ሳህሌ «ሁለት ዓመት ብቻ ቻይው» አላት። ሁለቱ ዓመት አሥራ አንድ ሆነ። እሷ ደግማ አላነሳችውም፤ እሱም አላነሳውም። አሁን ሲያናግራት አፉን እያየች ትገምታለች።

ሐኪሙ «ጸጥ ያለ ቦታ፣ አጠገቧ ሆነው፣ ቀስ ብለው ያናግሯት፤ ትንሽ ትንሽ ሳትሰማ አትቀርም» ብሎታል። ጸጥ ያለ ቦታ! አቃቂ ውስጥ! በዚህ በኩል ብረታ ብረት ቤት፣ በዚያ በኩል ወፍጮ ቤት፣ ከፊት ለፊት የከባድ መኪና መንገድ። ቤት ውስጥ እንዳይጮህ ግድግዳው ሁሉንም ለጎረቤት ያቀብላል። የሳህሌ ጉዳይ ደግሞ የሚጮህበት አልነበረም። ሳይሞት «ይቅር በይኝ፣ ጆሮሽን ያስበላሁት እኔ ነኝ» ሊላት ፈልጓል። ጽፎ ይስጣት እንዳይባል፣ ይቅርታ የቀበሌ ማመልከቻ ነው እንዴ? ፊት ለፊት እያያት ደግሞ አፉ አይታዘዝለትም። ዓይኑን መንገድ ላይ ጥሎ፣ እሷ ጎኑ ተቀምጣ ቢሆን ግን ይችል ነበር።

ሳሪስ፣ ሀይረዲን ሱቅ ሄዶ በአንድ ወገኑ ሬንጅ፣ በሌላው አሉሚኒየም የለበሰ የድምፅ ማፈኛ ንጣፍ ገዛ። ባለሱቁ ሳቀ።

«ጋሼ ሳህሌ፣ ለዚች አሮጊት? ሙሽራ ሊያሳፍሩባት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ሙሽራ ነው» አለ ሳህሌ ገንዘቡን እየቆጠረ።

ስድስት ቀን ፈጀበት። የበሮቹን ውስጥ በቤንዚን አጠበ፣ ዝገቱን ፈገፈገ፣ ንጣፉን እየቆረጠ ለጠፈ፣ ሥሩ አየር እንዳይቀር በእንጨት ማንከባለያ ደጋግሞ ዳመጠው። ሞተሩ በኩል ያለውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ደረበው። ከዚያ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ ምንጣፍ። ለደንበኛ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም። ወገቡ ተቆረጠ፣ ጣቶቹ በአሉሚኒየሙ ጠርዝ ተሸነታተሩ። በሩን ሲዘጋው የድሮው የቆርቆሮ ጩኸት ጠፍቶ ድፍን ያለ ድምፅ ብቻ ሰጠ። ያን ጊዜ እንደ ልጅ ደስ አለው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አሳፈራት። በቱሉ ዲምቱ በኩል ወጥተው ኮንዶሚኒየሞቹን አለፉ። እውነትም መኪናዋ ጸጥ ብላለች፤ የራሱን ትንፋሽ ይሰማ ነበር። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተናገረ። ሁለት ዓመት ብሎ አሥራ አንድ ዓመት እንዳስገፋት፣ ማታ ማታ ጆሮዋን ይዛ ስትቀመጥ አይቶ እንዳላየ እንዳለፋት፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ እንኳ «ይበቃሻል» ሳይላት እንደቀረ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

«ይቅር በይኝ፣ አቻምዬ» አለ።

ጠበቀ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ጠበቀ።

«ሳህሌ» አለችው በመጨረሻ።

«መኪናችን ዛሬ ምን ሆነች? ሞተሯ አይሰማኝም እኮ።»

ዞር ብሎ አያት። እሷ የምታየው ደጅ ደጁን ነበር።

«እንዳታዝን ብዬ ሳልነግርህ ቀርቼ ነው እንጂ የሰው ድምፅ ከጠፋብኝ ዓመት አልፎኛል። የቄሱም ድምፅ አይመጣልኝም። የሚሰማኝ የዚች መኪና ጩኸት ብቻ ነበር። ስትነሳ እሰማታለሁ፣ ማርሽ ስትቀይርም እሰማለሁ፤ ሳህሌ አጠገቤ አለ እላለሁ። ዛሬ እሷም ዝም አለችኝ።»

ሳህሌ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆማት። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ አሁንስ ፊት ለፊት እያያት ሊነግራት ነበር። ግን ለቅሶው ቀደመና ከንፈሩን አጣመመበት። አቻምየለሽ አፉን ትኩር ብላ አየች፣ አንድም ቃል ልትለይ አልቻለችም። ደንግጣ የነጠላዋን ጫፍ ሳበችና ጉንጩን ጠራረገችለት።

«ምነው ሳህሌ፣ ለመኪና ይለቀሳል እንዴ?» አለችው። «ግድ የለም፣ ትጠገናለች።»